በነፃ የመጣ ኮምፒዩተር ዋጋው ስንት ነው?

«ስጦታ ነው!» ከተባለ ነገሩ ሁሉ አለቀ። ሪባን ይቆረጣል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንትና የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ተጨባብጠው ፎቶ ይነሳሉ። በማግሥቱ ዜናው «ዘመናዊ የኮምፒዩተር ማዕከል ተመረቀ» ይላል። ስንት ኮምፒዩተር እንደመጣ ይነገረናል። ዋጋው በዶላር ይነገረናል። ማን እንደሰጠማ ሦስት ጊዜ ይነገረናል። ውሉ ላይ ምን እንደተጻፈ ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። የጠየቀ ሰው «ምቀኛ» ይባላል። «ሰው ሲሰጥ አንተን ምን ቆረጠህ?» ይሉታል።

ውድ አንባቢያን፣ መጠየቅ ምቀኝነት አይደለም። ማሽኑ የሚገባበት ሕንፃ የሕዝብ ነው። የመብራቱን ሒሳብ የሚከፍለው ሕዝብ ነው። ማሽኑ ፊት የሚቀመጠውም ልጅ የዚሁ ሕዝብ ልጅ ነው። ስለዚህ አንድ ኩባንያ ለዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ማዕከል ሲያቋቁም መነሳት ያለበት ጥያቄ «ስንት አወጣ?» ሳይሆን «በምትኩ ምን ወሰደ?» የሚለው ነው። መውሰዱ አይቀርማ! ነጋዴ ነው። ነጋዴ መሆኑም ነውር የለውም። ነውሩ ሰጪው አስልቶ ሲሰጥ ተቀባዩ ሳያሰላ መቀበሉ ነው። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለዚህ ነው።

ይህን የምለው ከሜዳ ተነስቼ አይደለም። ጨዋታው የተጀመረው አሜሪካ ነው፤ ታሪኩም ተጽፎ ተቀምጧል። አንድ ኮምፒዩተር ሙሉ አዳራሽ ይይዝ በነበረበት ዘመን አንዳንዶቹ ትላልቅ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የስሌት ማዕከላቸውን ያቋቋሙት የኩባንያ እጅ ይዘው ነው። አንዱ ከለጋሹ ጋር ተጣልቶ ተለያየ። ሌላው ኩባንያው በቀደደለት ቦይ ፈሰሰ። ሌላው ደግሞ ኩባንያውን እንደ መሰላል ተጠቅሞ ወጣበት። ልዩነቱን ያመጣው የማሽኑ ትልቅነት አልነበረም። ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ማን ምን አቅዶ ነበር የሚለው ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። (ለብቻው ካልተገለጸ በቀር ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ሃርቫርድ፦ በምርቃት ቀን የፈረሰ ትዳር

ሃዋርድ ኤይከን የተባለ የሃርቫርድ ሰው በ1937 አንድ ሐሳብ ይዞ ተነሳ። ሰው ቁጭ ብሎ ወራት የሚፈጅበትን ስሌት በራሱ የሚያሰላ ትልቅ ማሽን ይሠራ አለ። መጀመሪያ የሄደው ሞንሮ ወደሚባል የሒሳብ መኪና ኩባንያ ነበር፤ አይሆንም አሉት። ቀጥሎ አይ ቢ ኤም ዘንድ ሄደ፤ እነሱ እሺ አሉ። የኩባንያው መሐንዲሶች ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ኤንዲኮት በምትባል ከተማ ሥራውን ተያያዙት። ወጪው ከመጀመሪያው ግምት ብዙ እጥፍ አለፈ፤ ኩባንያው ግን ከፈለ። በመጨረሻ 15 ሜትር ከግማሽ ገደማ የሚረዝም፣ 5 ቶን ገደማ የሚመዝን ጉድ ተሠርቶ በ1944 መጀመሪያ ሃርቫርድ ደረሰ። ለማንቀሳቀሻ ተብሎም ሌላ 100 ሺህ ዶላር ተጨመረበት።

ኦገስት 7 ቀን 1944 ምርቃት ሆነ። የአይ ቢ ኤሙ አለቃ ቶማስ ዋትሰን ለድግሱ ቦስተን ሲደርስ ዩኒቨርሲቲው ለጋዜጦች የበተነው መግለጫ ቀድሞታል። መግለጫው የማሽኑ ፈልሳፊ ኤይከን ነው ይላል። ዓመታት ለፍተው ማሽኑን የሠሩት የኩባንያው መሐንዲሶች ግን የሚገባቸውን ስም አላገኙም። ዋትሰን ጨሰ! ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ወገኖች እንደ ቀድሞው አልሆኑም።

ዋትሰን ከዚያ ምን አደረገ? ፊቱን ወደ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ አዞረ፤ በ1945 በእሱ ስም የሚጠራ የሳይንሳዊ ስሌት ላቦራቶሪ እዚያ ተቋቋመ። በ1948 ደግሞ ከሃርቫርዱ የሚበልጥ ሌላ ማሽን አሠርቶ ኒው ዮርክ ከተማ በሚገኘው ዋና መሥሪያ ቤቱ አቆመው፤ መንገደኛው ሁሉ በመስታወት በኩል እንዲያየው። ኤይከንም ከዚያ በኋላ የሠራቸውን ማሽኖች ያሠራው በባሕር ኃይልና በአየር ኃይል ገንዘብ ነው። ከነጋዴው እጅ ወጥቶ ወታደሩ እጅ ገባ ማለት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። የጠቡ መነሻ ገንዘብ አልነበረም። ገንዘቡማ ያለ ስስት ፈሷል። ጠቡ የመጣው «ማን ሠራው? የማን ስም ይቅደም?» በሚለው ነው። ሁለቱም ወገን ልባቸው ያሰበውን አስቀድመው በማያሻማ መንገድ ሳይቋጩ ድግስ ጠሩ። እንዲህ ያለውን ነገር ሃርቫርድን የሚያህል ተቋም ካልተጠነቀቀለት፣ ውሉን ሳያነብ የሚፈርመው የእኛ ሰው ምን ሊሆን ነው?

እስከ 60 በመቶ ቅናሽ... ግን ኮርስ አምጡ!

በ1950ዎቹ አጋማሽ አይ ቢ ኤም የበለጠ ብልጠት ያለው መንገድ አገኘ። በ1954 ለደንበኞች መድረስ የጀመረ 650 የተባለ ማሽን ነበረው። የወር ኪራዩ ብቻ ከ3 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ይህን ማሽን ለዩኒቨርሲቲዎች እስከ 60 በመቶ በሚደርስ ቅናሽ ማከራየት ጀመረ። ሣሩ ይህ ነው። ገደሉስ? ቅናሹን የፈለገ ዩኒቨርሲቲ በሳይንሳዊ ስሌትና በንግድ ሥራ መረጃ አያያዝ ኮርስ መክፈት አለበት። ኮርስ ከሌለ ቅናሽ የለም!

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለሱቅ ነጋዴም ቢሆን አይጠፋውም። ለማሽኑ ባለሙያ የሚያሠለጥነው ማን ሆነ? ዩኒቨርሲቲው። የመምህሩን ደመወዝ የሚከፍለው ማን ሆነ? ዩኒቨርሲቲው። ልጁ ተመርቆ ባንክ ወይም ፋብሪካ ሲቀጠር፣ አለቃው «ምን ዓይነት ኮምፒዩተር እንግዛ?» ብሎ ሲጠይቀው፣ የሚያውቀውን ይጠራል እንጂ የማያውቀውን ከየት ያመጣል? ኩባንያው ዛሬ በቅናሽ የተወውን ነገ በሙሉ ዋጋ ከየባንኩና ከየፋብሪካው ይለቅመዋል። ይህ ጽድቅ ሳይሆን ዘር መዝራት ነው።

ሐቁን ግን መሸሸግ አይገባም፤ ቅናሹ ብዙ ሰው ጠቅሟል። ዛሬ በኮምፒዩተር ሳይንስ ስሙ የገነነው ዶናልድ ክኑት ኬዝ በተባለው ተቋም ወጣት ተማሪ ሳለ ፕሮግራም መጻፍ የተማረው በዚያው 650 ላይ ነው። ኋላም የጻፈውን ዝነኛ ተከታታይ መጽሐፍ መታሰቢያነቱን ለዚያ ማሽን አድርጎታል። ለሰው እንጂ ለማሽን መጽሐፍ መታሰቢያ ሲደረግ ያየ ማን አለ? ስለዚህ የኩባንያ እጅ የነካው ሁሉ መርዝ ነው እያልኩ አይደለም። የምለው ሌላ ነው። ምን እናስተምር የሚለው ጥያቄ የመምህራን ጉባኤ ጉዳይ ነው። ሻጭ ከጉባኤው መሐል ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ቢያንስ ሻጭ መሆኑን አውቀን እናስቀምጠው! ቅናሹም በ1960ዎቹ እየሳሳ መጣ። ኮርሱን የከፈተ፣ ተማሪውን ያስለመደ ዩኒቨርሲቲ ያን ጊዜ ምን ይበል? «ልምዴን መልሱልኝ» አይባል!

ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ

አባቶቻችን የመሬትን ምርት እንዲህ ይካፈሉ ነበር ይባላል። የማሳቹሴትሱ ኤም አይ ቲ ደግሞ ኮምፒዩተር በዚሁ ስሌት ተካፈለ ቢባል ማን ያምናል?

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1957 ኤም አይ ቲ የስሌት ማዕከል ከፈተ። የመሩት የፊዚክስ ሊቁ ፊሊፕ ሞርስ ናቸው። አይ ቢ ኤም 704 የተባለውን፣ በጊዜው ከትላልቆቹ አንዱ የሆነውን ማሽን በነፃ አቀረበ። የማሽኑ ሰዓት ግን ለሦስት ተከፈለ። ሲሶው ለኤም አይ ቲ፣ ሲሶው በአካባቢው ላሉ የኒው ኢንግላንድ ኮሌጆች፣ ሲሶው ለራሱ ለአይ ቢ ኤም። ሕንፃው የዩኒቨርሲቲው፣ ሰዓቱ የሦስት ባለቤት!

ይህን ስሰማ መጀመሪያ ልቤ «አይ ብልጠት!» አለ። ቆይቼ ሳስበው ግን አንድ ነገር አከበርኩላቸው፤ የሚወሰደው ነገር በግልጽ የታወቀ ነበር። ኩባንያው ሲሶውን እንደሚወስድ ተማሪውም መምህሩም ያውቃል። አልተሸፋፈነም። እኛ አገር ቢሆን «ሙሉ በሙሉ ለተማሪዎች አገልግሎት» ተብሎ ተመርቆ፣ ሲሶው የት እንደገባ የምንሰማው ከዘበኛው ነበር።

ታዲያ የነፃው ማሽን ኑሮ እንዴት ነበር? ተማሪው ፕሮግራሙን በተበሱ ካርዶች ላይ አዘጋጅቶ በመስኮት ያስረክባል። ውጤቱን አንዳንዴ በማግሥቱ ይቀበላል። አንዲት ነጥብ ከተሳሳተች እንደገና ካርድ፣ እንደገና ወረፋ። የሌላ ኮሌጅ ሰው ከሆነ ደግሞ መንገዱም አለበት። ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ያለው የዳርትማውዝ ኮሌጅ የሒሳብ መምህር ቶማስ ኩርትዝ ካርዶቹን በብረት ሣጥን አድርጎ በባቡር ወደ ቦስተን ይመላለስ ነበር። ማሽን አለ፤ ግን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

ሁኔታውን የቀየረው ኩባንያው አይደለም። ጆን ማካርቲ የተባለው የኤም አይ ቲ ሰው በጃንዋሪ 1 ቀን 1959 ለሞርስ ማስታወሻ ጻፈ። አንዱን ማሽን ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱ ለብቻው የያዘው እስኪመስለው ድረስ እንዲጠቀምበት ማድረግ ይቻላል አለ። በኖቬምበር 1961 ፈርናንዶ ኮርባቶና ጓደኞቹ ይህንኑ በዚያው ማዕከል ሠርተው አሳዩ። ማሽኑ የኩባንያው ነው፤ ሐሳቡ ግን የእነሱ ነው። እዚህ ላይ ነው ቁም ነገሩ ያለው፤ ማዕከሉ የራሱ ሰዎች ነበሩት። ማሽን ጠባቂ ሳይሆን ማሽን የሚያርሙ፣ ካስፈለገም አምራቹን «እዚህ ጋ አስተካክል» የሚሉ ሰዎች።

ከዚያማ ጉዱ መጣ። በ1963 ኤም አይ ቲ ከመከላከያ ሚኒስቴሩ የምርምር ድርጅት ገንዘብ አግኝቶ ፕሮጀክት ማክ የተባለ ትልቅ ሥራ ጀመረ። በ1964 ለዚህ ሥራ አዲስ ማሽን ሲመረጥ ሁሉም ያው የዘወትሩ ለጋሽ ይመረጣል ብሎ ጠበቀ። አይ ቢ ኤም ዓመቱን ሙሉ ሲያስነግርለት የነበረውን 360 የተባለ የማሽን ቤተሰብ ይዞ ቀረበ። የኤም አይ ቲ ሰዎች አዩት፤ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ለመጠቀም የሚያስፈልገው የማኅደረ ትውስታ አሠራር የለውም። አይሆንም አሉ! የተቀናቃኙን የጄኔራል ኤሌክትሪክን ማሽን መረጡ። አይ ቢ ኤም ደነገጠ። በ1965 «እኛም አለን» ብሎ የጎደለውን የሚያሟላ ሌላ ሞዴል አስታወቀ።

አንዳንዱ «ያጎረሰውን እጅ ነከሱ» ይል ይሆናል። እኔ ደግሞ እላለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ማለት ይህ ነው! ማሽን ሰጥተኸኛል፣ አመሰግናለሁ፣ ሲሶህን ወስደሃል፣ አሁን ግን ሥራዬ ሌላ ይፈልጋል ማለት የቻለ ነው ነፃ ተቋም። ይህን ለማለት ያስቻላቸው የራሳቸው ባለሙያ መኖሩ፣ ሌላ የገንዘብ ምንጭ መኖሩና እጃቸውን ለሁልጊዜ ያሰረ ሰንሰለት አለመኖሩ ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ኖሮ አጨብጭበው ይቀበሉ ነበር።

ግን ለጄኔራል ኤሌክትሪክም ቢሆን አትጨፍሩለት። በ1970 የኮምፒዩተር ሥራውን ለሃኒዌል ሸጦ ከጨዋታው ወጣ። ስፖንሰር እንዲህ ነው። ዛሬ ባነሩን ሰቅሎ ነገ ሱቁን ይዘጋል። ዩኒቨርሲቲ ግን ሱቅ መዝጋት አይችልም።

ዳርትማውዝ፦ ቀድሞ መጥኖ የደቆሰ

በርበሬን መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው፤ ድስት ከተጣደ በኋላ ማልቀስ ዋጋ የለውም። ይህን የአበሻ ምክር በተግባር ያዋለው ያ መምህሩ በባቡር የሚመላለስበት ኮሌጅ ነው።

ኩርትዝና የሥራ ባልደረባው ጆን ኬሜኒ ማሽን ከመምረጣቸው በፊት አንድ ነገር ወሰኑ። ኮምፒዩተር የሳይንስ ተማሪ ብቻ ሀብት አይደለም፤ የታሪክም የቋንቋም ተማሪ ይንካው። እንደ ቤተ መጻሕፍት በሩ ክፍት ይሁን፤ ማንም ገብቶ ይጠቀም፣ በሰዓት ሒሳብ አይጠየቅ። ይህን ካሉ በኋላ ነው «ይህን የሚሠራልን ማን ነው?» ብለው ኩባንያ ፍለጋ የወጡት። ጄኔራል ኤሌክትሪክ በቅናሽ ሰጣቸው፤ የአገሪቱ ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን 300 ሺህ ዶላር ገደማ ረዳቸው። ፕሮግራሙን የጻፉት አብዛኞቹ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ናቸው፤ ልብ በሉ፣ ተማሪዎች! ሜይ 1 ቀን 1964 ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ቤዚክ የተባለው ቀላል የፕሮግራም ቋንቋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሠራ። ኋላ የዓለም ልጆች ሁሉ ፕሮግራም መጻፍ የጀመሩበት ቋንቋ ከዚህች ትንሽ ኮሌጅ ወጣ።

ኩባንያውስ ከሰረ? ኧረ የለም! ጄኔራል ኤሌክትሪክ ከዳርትማውዝ ያገኘውን አሠራር ይዞ ከ1965 ጀምሮ የኮምፒዩተር ጊዜ ለደንበኞች እየሸጠ ነገደበት። ኩባንያው ተጠቀመ፣ ኮሌጁም ተጠቀመ። ልዩነቱ አንድ ነው። እዚህ ኩባንያው የመጣው ወደ ኮሌጁ ዕቅድ ነው፤ ኮሌጁ ወደ ኩባንያው ዕቅድ አልሄደም። የዚህ ጽሑፍ ሁሉ ፍሬ ነገር ይህችው ናት።

ሌላም አለ። ኤም አይ ቲ በ1983 አቴና የተባለ ፕሮጀክት ጀመረ፤ ለተማሪዎች ኮምፒዩተርና መረብ በየቦታው ለማዳረስ። ስፖንሰሮቹ ዲጂታል የተባለው ኩባንያና አሁንም አይ ቢ ኤም ናቸው። ተቀናቃኞች ናቸው፤ በአንድ ግቢ ገቡ። ያኔ ዩኒቨርሲቲው የያዘው አቋም የሁለቱም ማሽን አንድ ዓይነት ሆኖ ለተማሪው ይታይ የሚል ነው። አንዱ ኩባንያ ብቻውን እንዲነግሥ አልተፈቀደለትም። እዚያ የተሠሩት ኤክስ ዊንዶውና ከርበሮስ የተባሉ ሶፍትዌሮች ማንም እንዲጠቀምባቸው ተለቀቁ። ዛሬ በዊንዶውስ የሚሠራ የመሥሪያ ቤት መረብ ላይ የይለፍ ቃልዎን ሲያስገቡ ከጀርባ የሚጠብቅዎት አብዛኛውን ጊዜ ያው ከርበሮስ ነው። ሁለት ነጋዴ ከፈለ፤ ዓለም ተጠቀመ። ውል ሲያምር እንዲህ ነው!

«ለእኛ ለድሆቹ ይህ ቅንጦት ነው» ለሚሉን

የሚመጣው መልስ ይታወቃል። «እነሱ ሀብታም ናቸው፤ መደራደር ይችላሉ። እኛ የቸገረን ነን። የቸገረው እርጉዝ ያገባል።» ይሉናል።

በመጀመሪያ፣ ዳርትማውዝ ኤም አይ ቲን አያህልም፤ የራሱ ትልቅ ማሽን አልነበረውም። የነበረው ዕቅድ ነው። ዕቅድ ደግሞ ዶላር አይፈልግም፤ ወረቀት፣ እርሳስና ቁጭ ብሎ የሚያስብ ጭንቅላት ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ ድሃ መሆን የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ሀብታም ቢታለል ሌላ ይገዛል። ድሃ ከተታለለ ማሽኑ ዋስትናው ባለቀ ማግሥት ሸራ ለብሶ ይቀመጣል፤ መለዋወጫው ከአንድ አምራች በቀር የለም፤ የሚጠግነው ሰው አልሠለጠነም። ክፍሉ ይቆለፋል፣ ቁልፉ ከአንድ ኃላፊ ኪስ ይገባል። ባነሩ ብቻ ግድግዳው ላይ ይቀራል።

ነገሩ አሁን ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልናገር። አገራችን ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሏት። በ2015 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) የራስ ገዝነት መንገድ ተከፍቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ሆኗል። ራስ ገዝ መሆን ጥሩ ነው፤ ማን ይጠላል? ነገር ግን ራስ ገዝ ማለት የራስህን ገቢ ፈልግ ማለትም ነው። ገቢ ፈላጊ በዝቶ ሰጪ ጥቂት ሲሆን ምን እንደሚከተል ለአዲስ አበባ ሰው አይነገረውም። ስፖንሰሩ እየተለመነ፣ ዩኒቨርሲቲው እየለመነ የሚፈረም ውል የማን ውል ነው?

ስጦታውም መልኩን ቀይሯል። ድሮ 5 ቶን ብረት ነበር። ዛሬ በኢንተርኔት የሚሰጥ «ነፃ» የክላውድ አገልግሎት፣ «ነፃ» የሠርተፊኬት ሥልጠና፣ «ነፃ» የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ነው። ብረቱስ ቢያንስ ግቢ ውስጥ ይቀር ነበር። ይኼኛው ውሉ ሲያልቅ ጠዋት ተነስተህ ስትከፍተው «ክፈል» ይልሃል። የተማሪው ሥራ፣ የመምህሩ ምርምር፣ የሕመምተኛው መረጃ ሳይቀር እዚያው ሌላ ሰው ቤት ተቀምጧል። አሠራሩ ግን ያው የ650 አሠራር ነው፤ ዛሬ ቅናሽ፣ ነገ ልማድ፣ ከነገ ወዲያ ሒሳብ!

እኔ ራሴ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ተቋም ሄጄ ከኩባንያ ጋር የተፈራረመውን የመግባቢያ ሰነድ ቅጂ ለማየት ጠይቄ ነበር። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ላኩኝ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባለ። በሦስተኛው ቀን አንዱ ጎልማሳ ባለሙያ በትሕትና «ወንድሜ፣ ዜናው ወጥቷል እኮ፣ እሱን አንብብ» አለኝ። ዜናውንማ አንብቤዋለሁ! ዜናው ላይ ያለው የፎቶ መግለጫ ነው። ከመንግሥት ተቋም መረጃ የመጠየቅ መብት በ2000 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) በአዋጅ ቁጥር 590 ታውጇል። ታዲያ ከንግድ ምስጢር ይልቅ የምርቃት ድግስ የሚመስል ውል ምኑ ነው የሚደበቀው? የማያሳፍር ነገር ካለበት ለምን ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አይለጠፍም?

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከሪባኑ በፊት አምስት ጥያቄ ይመለስ እላለሁ።

አንደኛ፣ ዩኒቨርሲቲው ኩባንያው ከመምጣቱ በፊት በራሱ እጅ የጻፈው ዕቅድ አለ ወይ? ከሌለ ድርድር የለም፤ ልመና ነው ያለው።

ሁለተኛ፣ የማሽኑ ሰዓት እንዴት ይከፋፈላል? ሲሶውን ኩባንያው ከወሰደ ይጻፍ፤ ተማሪውም ይወቀው። የታሪክና የአማርኛ ተማሪም ድርሻው ይጻፍለት።

ሦስተኛ፣ ምን እንደሚማሩ የሚወስነው ማን ነው? የአንድ ኩባንያን ዕቃ ብቻ የሚያስተምር ኮርስ ሥልጠና ነው እንጂ ትምህርት አይደለም። ሥልጠናውን ኩባንያው በራሱ ገንዘብ ይስጥ።

አራተኛ፣ እዚያ የሚፈጠረው ሶፍትዌርና የሚከማቸው መረጃ የማን ነው? ሃርቫርድና ዋትሰን የተጣሉበትን ነገር እኛ ከምርቃት በኋላ አንጣላበት።

አምስተኛ፣ ስፖንሰሩ ሲሄድስ? ይሄዳልና! መለዋወጫው፣ ጥገናው፣ የሚጠግነው ሰው ደመወዝ ከየት ይመጣል? እጃችን ሳይጠመዘዝ ሌላ ኩባንያ መምረጥ እንችላለን ወይ?

እነዚህን መመለስ የማይችል አመራር የኮምፒዩተር ማዕከል እያቋቋመ አይደለም። የሰው ሱቅ በሕዝብ ግቢ ውስጥ እየከፈተ ነው፤ ኪራይ እንኳ ሳያስከፍል!

ኩባንያዎቹን አልወቅስም። አይ ቢ ኤምም ጄኔራል ኤሌክትሪክም ሥራቸውን ሠሩ፤ ዛሬ የሚመጡትም ሥራቸውን ይሠራሉ። ወቀሳዬ የእኛን ወንበር ይዞ የእነሱን ብዕር ለሚያውሰው ነው። ዩኒቨርሲቲን የሚያስከብረው «አይሆንም» ማለት መቻሉ እንጂ ያገኘው ማሽን ብዛት አይደለም። በ1964 እምቢ ያለው ተቋም የተከበረው በዚህ ነው። የእኛዎቹ የሚከበሩትም ውሉን በአደባባይ ገልጠው «ይኸው፣ የሰጡን ይህ ነው፣ የወሰዱብን ደግሞ ይህ ነው» ማለት የቻሉ ቀን ነው።

እስከዚያ ድረስ በየምርቃቱ የሚጨበጨበው ጭብጨባ ለሣሩ ነው። ገደሉን ግን ልጆቻችን ያገኙታል። እኛ ብለናል፤ የሰማ ይስማ!